ቺንጋ ሊያመጣ ሄዷል

ተረፈች ያላየችውን አትፈርምም። ሰበታ ውስጥ ወፍጮ ቤቷን የሚያውቅ ሁሉ ይህንን ያውቃል። ገበሬ ጤፉን ጭኖ መጥቶ «መቶ ኪሎ ነው፣ ቤቴ መዝኜዋለሁ» ቢላት፣ «ቤትህ የመዘንከውን ቤትህ ፍጨው» ትለዋለች። ትምህርቷን ከአራተኛ ክፍል ነው የተወችው። ስሟን መጻፍ ትችላለች፣ ቁጥር ታነባለች፣ ከዚያ ያለፈውን ለተማረ ትታለታለች። ፊርማዋን ግን እንደ ክረምት እህል ነው የምትቆጥበው።

እንግዲህ ይህቺው ሴት ናት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሞተ ሰው ስም ግብር ስትከፍል የኖረችው።

ባሏ ወንዳፍራሽ የሞተው በሐምሌ ነው። የወፍጮው ቺንጋ፣ ያ ሞተሩን ከወፍጮው ጋር አያይዞ የሚያዞረው ሰፊ ቀበቶ፣ ተተልትሎ ተበጠሰ። ሞተሩ ያረጀ ስለሆነ ልኩ በየሱቁ አይገኝም። ሱሉልታ የሚኖረው ወንድሙ ወርቁ ደውሎ፣ «እዚህ አንድ ወፍጮ ቤት እየተዘጋ ነው፤ ዕቃውን እየሸጡ ነው፤ ቶሎ ና» አለው። ወንዳፍራሽ የተበጠሰውን ቺንጋ ለናሙና ጠቀለለ። ተረፈች ከቀይ መቀነቷ ጫፍ ቀዳ አሰረችለት፤ በራሷ አስተሳሰር፣ ሦስት ጊዜ ጠምዝዛ ጫፉን ወደ ውስጥ ሸጎጠችው። «ለማታ እደርሳለሁ» ብሎ በትከሻው አንጠልጥሎ ወጣ።

ከእንጦጦ ወደ ሱሉልታ ሲወርድ የተሳፈረበት ሚኒባስ በዝናብ ተገለበጠ። ስልክም ከዚያው ዕለት ጀምሮ ተቋርጦ ነበር። ወሬው ሰበታ ደርሶ እሷ ሱሉልታ ስትገባ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ አፈር ለብሷል። ወርቁ እያለቀሰ፣ «መልኩ አያስታውቅም ነበር፣ ማቆየት አልቻልንም» አላት።

«ቺንጋውስ?» አለችው።

ሰው ሁሉ ደንግጦ አያት። «ምን ቺንጋ? ምንም አላገኘንም» አላት ወርቁ።

አላየችም። ስላላየችም አልተቀበለችም። ለቅሶ ተቀመጠች፣ ተዝካር ግን አላወጣችም። ወርቁ ከቤተ ክርስቲያኑ አጽፎ ያመጣላትን የቀብር ወረቀት ሳትገልጠው የዱቄት ሳጥኑ ሥር ከታ ቆለፈችበት።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የግብር መክፈያው መጨረሻ ደረሰ። ሄደች። ከገቢዎች ቢሮ መስኮት ጀርባ የተቀመጠው ሠራተኛ፣ «ፈቃዱ በአቶ ወንዳፍራሽ ስም ነው። ባለቤቱ የታሉ?» ሲላት ሳታስበው ከአፏ ወጣ።

«ቺንጋ ሊያመጣ ሄዷል። ይመጣል።»

ሰውዬው ያለችውን ጻፈ፣ ማኅተም መታበት። በዓመቱም ጠየቋት፤ ያንኑ አለች፤ ያንኑ ጻፉ፤ ማኅተም መቱ። ዘጠኝ ሐምሌ፣ ዘጠኝ ማኅተም። ወፍጮዋም እሷ በመርፌና በሲባጎ በሰፋችው ቺንጋ፣ እየተንሸራተተ፣ እየጮኸ፣ ዘጠኝ ዓመት ዞረላት።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ጠበቀ። ማስታወቂያው በየበሩ ተለጠፈ። ፈቃድ ያለው ሰው ሁሉ ራሱ፣ በአካሉ ቀርቦ፣ በፋይዳ መታወቂያውና በአሻራው እስከ ሐምሌ ሠላሳ ድረስ መመዝገብ አለበት። ያልቀረበ ሰው ቤቱ ይታሸጋል።

ተረፈች ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ አስነበበች። ከወፍጮው ሌላ መተዳደሪያ የላትም። በሐምሌ ሁለት ዣንጥላዋን ይዛ ዓለም ገና ወረደች፣ ሒሳብ ሠራተኛው ባርናባስ ዘንድ።

ባርናባስ የሆሳዕና ልጅ ነው። ለፋብሪካ ሥራ መጥቶ፣ ማታ ማታ ሒሳብ ተምሮ፣ አሁን መንገድ ዳር ባለች መስታወት ፊቷ ቢሮ የልብስ ሰፊውን፣ የጋራዡን፣ የዳቦ ቤቱን መዝገብ ይይዛል። ምክር ሲጀምር አያባራም። ያን ቀንም ገና ሳትቀመጥ፣ «ደረሰኝ ሰብስበዋል እትዬ? ደረሰኝ የሌለው ወጪ ወጪ አይደለም ብዬዎት ነበር» አላት።

«ዛሬ ለደረሰኝ አልመጣሁም» አለችና ነገሩን ነገረችው።

«ታዲያ ምን አስጨነቀዎት? ባለቤትዎ ይምጡና አሻራቸውን ይስጡ። የት ናቸው?»

«ሱሉልታ።»

«ቅርብ ነው እኮ። ይደውሉላቸው።»

«አያነሳም።»

«ታመው ነው?»

ተረፈች ዣንጥላዋን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረች።

«እትዬ፣ ሞተዋል እንዴ?»

«እንደዚያ ይላሉ።»

ባርናባስ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከዚያ ምክሩን ቀስ ብሎ፣ ለታመመ ሰው እንደሚነገር ነገራት። ፈቃድ ያልመለሰ ሰው ቢሞት እንኳ ግብሩ አይሞትም። በየዓመቱ ያድጋል፣ ቅጣት ይወልዳል። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ የሞት ማስረጃ ማቅረብ፣ ዕዳ የለበትም የሚል ክሊራንስ ማውጣት፣ ቁጥሩን ማዘጋት፣ ከዚያ በወራሽነት ፈቃዱን ወደ ራሷ ማዞር። «የወራሽነቱ ነገር ፍርድ ቤት ይቆያል፤ ማመልከቻው ከገባ ግን አያሽጉብዎትም። ምስክሮቹን እኔ አመቻቻለሁ። ከእርስዎ የሚፈለገው፣ ሞቷል ብሎ አንድ ፊርማ ነው» አላት።

«ያላየሁትን አልፈርምም።»

«ዘጠኝ ዓመት እኮ ነው እትዬ!»

«መቶም ቢሆን።»

ባርናባስ ተነፈሰና፣ «እስቲ ዕዳ ካለበት ልየው» ብሎ የወንዳፍራሽን ዐሥር አኃዝ ቲን ቁጥር ኮምፒውተሩ ላይ መታ። ነጋዴ ዕቃ ሲገዛ ቁጥሩን ለሻጩ ይናገራል፤ የሻጩ ማሽን ደረሰኙ ላይ ያትመዋል፤ የታተመው ሁሉ ገቢዎች ዘንድ ይሰበሰባል። የወንዳፍራሽ ገጽ ዘጠኝ ዓመት ባዶ ነበር። አሁን ግን አንድ መስመር አለበት። ባርናባስ ወደ ኮምፒውተሩ መስታወት ጠጋ አለ።

«ባለቤትዎ በቅርቡ የገዙት ዕቃ አለ?»

«ምን ትላለህ?»

«ሰኔ ሃያ ስምንት፣ ሱሉልታ። ቦቲ ጫማ፣ ቁጥር አርባ አራት፣ አንድ ጥንድ።» ጭንቅላቱን አከከ። «የሰው ቁጥር የሚሰርቁ አሉ፤ በየቀኑ የማየው ነገር ነው። ግን እነሱ ሲሚንቶ ነው የሚጭኑት፣ ብረት ነው የሚያወጡት። አንድ ጥንድ ቦቲ ለመግዛት የሰው ቁጥር የሚሰርቅ ሌባ እስከ ዛሬ አላየሁም።»

ወንዳፍራሽ የሚያደርገው አርባ አራት ነበር፤ ገበያ ላይ ጠፍቶባቸው ስንት ጊዜ ተንከራተዋል። በታክሲው ስትመለስ አንድ ሐሳብ እንደ ዝንብ አላስቀምጣት አለ። ሰው ሲቀበር ባዶ እግሩን ነው። መንገድ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ጫማ ነው።

በሳምንቱ ባርናባስ ራሱ ደወለ። ሁለተኛ መስመር መጥቷል። ሐምሌ ዘጠኝ፣ ቡራዩ፣ ሁለት ሜትር ጥቁር ላስቲክ። የሱቁ አድራሻም አብሮ አለ።

ተረፈች ወፍጮውን ዘግታ ሄደች። ሱቁ ከቡራዩ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በገፈርሳ አቅጣጫ ነው። ከግድቡ የተነሣው ጉም ባሕር ዛፉን ከወገቡ በላይ ውጦት፣ ግንዱ ብቻ እንደ ሰው እግር ቆሞ ይታያል። ባለ ሱቁ ሊቤ የሚባል ጎልማሳ ነው።

«አካም ጅርቱ» አለችው።

«ነጋ ዳ እናቴ፣ ግቡ፣ ዝናብ ነው።»

ላስቲክ ስለገዛው ሰው ስትጠይቀው ሊቤ ወዲያው አስታወሰ። ያስታወሰበት ሁኔታ ግን ደስ የሚል አልነበረም፤ እጁን በጋቢው ውስጥ ከተተ።

«ረጅም ሰው ነው። ቦቲው አዲስ ነው፤ ጭቃው ግን እስከ ጉልበቱ። ሽታው ደግሞ አዲስ የተቆፈረ አፈር፣ ታውቂው የለ፣ ዝናብ የመታው። ቁጥሩን በቃሉ ነው የነገረኝ፣ ዐሥሩንም፣ አንድ ሳይስት። ከዚያ ‹ሰበታ ፋጎ ዳ?› አለኝ። ሩቅ ነው ወይ ማለቱ ነው። ታክሲ ያዝ እንጂ አልኩት። ‹ታክሲስ አልሳፈርም› አለኝ።»

«ሌላስ? ሌላስ ምን አለ?»

«ምን አስቸኮለህ፣ ዝናቡ ይለፍ ብለው፣ ‹ልከውኝ ነው› አለኝ። ‹በየዓመቱ ይልኩኛል› አለ። ‹ደክሞኛል› አለ።» ሊቤ ወደ መንገዱ አየ። «በትከሻው ላይ ጥቁር ጥቅልል ነገር አንጠልጥሏል፤ በቀይ ጨርቅ የታሰረ። ምንሽ ነው?»

ተረፈች የጨው ጆንያው ላይ ተቀመጠች። ሊቤ ውሃ ሊሰጣት ተነሣ። እሷ ግን፣ እመኑኝ፣ የመጀመሪያው ስሜቷ ፍርሃት አልነበረም። ደስታ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሰው ሁሉ እብድ ሲላት ልክ የነበረችው እሷ ናት። እየመጣ ነው!

ቤቷ ገብታ ኮቱን ከሳጥን አውጥታ አናፈሰች። የአልጋውን አንሶላ ቀየረች። ጠዋት ወፍጮ ቤቱን ስትጠርግ ማንጎራጎር ጀመረች። ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያላት ጎረቤቷ መኪያ፣ ሃያ ዓመት አብራት የኖረች ሴት፣ ይህንን አይታ ተሻግራ መጣች።

«ምን ተገኘ? ባል አገኘሽ እንዴ በስተርጅና?»

«ያው የድሮው ነው» አለቻትና ሁሉንም ነገረቻት።

መኪያ ፈገግታዋ ከፊቷ ላይ እንደ ተጠረገ ዱቄት ጠፋ። «አዑዙ ቢላህ» አለች። ቀጥላም፣ «ተረፈች፣ አንቺ ግትር ነሽ፣ ይሄንን አገር ያውቃል። ግን የሞተ ሰው ቤት የለውም ብለሽ ነው? አለው። አንቺ ከቤቱ አስወጥተሽው ነው» አለቻት።

«እኔ ምን አደረግኩ? ራሱ ነው የሚመጣው።»

«ራሱ የሚመጣ ሰው ደክሞኛል ይላል?»

«ሂጂ ሱቅሽን ጠብቂ» አለቻት ተረፈች። ያን ቀን ግን ድጋሚ አላንጎራጎረችም።

ሐምሌ ሃያ ሁለት ባርናባስ ሲደውል ድምፁ ሌላ ነበር። «እትዬ፣ አሁኑኑ ይምጡ።»

ስትደርስ የቢሮውን መጋረጃ ዘግቶ፣ በቀን መብራት አብርቶ አገኘችው። ሦስተኛ መስመር መጥቷል። ዓለም ገና። ከእሱ ቢሮ አራት ሱቅ አለፍ ብሎ ካለው የመለዋወጫ መደብር። ቺንጋ፣ አንድ።

«አይቼዋለሁ» አላት ባርናባስ።

«ምን ይመስላል?»

«ፊቱን አላየሁም። ዝናብ ነበር፤ ላስቲኩን ከራሱ ደፍቶታል። እዚህ መስታወት ጋ መጥቶ ቆመ። የእርስዎን ማኅደር ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ ነበር፤ እሱን ነው ቆሞ የሚያየው። እኔ ጌታ ሆይ እያልኩ ዓይኔን ወደ ታች አደረግኩ፤ እግሩን ነው ያየሁት። ቦቲው እስከ አፉ ውሃ ሞልቷል። ሲራመድ ይፈሳል። ይፈሳል፣ ግን አይጎድልም። አንድ እርምጃ ይሄድና ቆሞ ያርፋል። ደግሞ አንድ። ከሱሉልታ ቡራዩ ጤነኛ ሰው በእግሩ አንድ ቀን ቢፈጅበት ነው እትዬ። እሱ ዐሥራ አንድ ቀን ፈጅቶበታል። ለምን እንደሆነ አሁን አየሁ።»

ባርናባስ ማኅደሩን አንስቶ በየዓመቱ ከመስኮቱ የተሰጣትን ዘጠኝ ወረቀት አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረው። በእያንዳንዱ ላይ ክብ ሰማያዊ ማኅተም አለ።

«እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ» አላት። «ስለ ሙታን ምክር አልሰጥም፣ አላውቅበትም። የማውቀው ይህንን ነው። እዚህ ወረቀት ላይ ባለቤትዎ የሞቱ ሰው አይደሉም። ቺንጋ ሊያመጡ የተላኩ ሰው ናቸው። ዘጠኝ ጊዜ ተጽፏል፣ ዘጠኝ ጊዜ ታትሟል። ያልተዘጋ ማኅደር ደግሞ ሰው አያሳርፍም። በሕይወት ያለውን ሲያንከራትት ዕለት ዕለት አያለሁ። የሞተውን ሊያንከራትት እንደሚችል ግን አላውቅም ነበር።»

በየዓመቱ ይልኩኛል። ተረፈች የሊቤን ቃል አሁን ገና ሰማችው። ላኪዋ ማን እንደሆነች ገባት። በየሐምሌው እሷ መስኮቱ ጋ ቆማ ያቺን ቃል ስትናገር፣ ሱሉልታ ላይ አንድ የደከመው ሰው ተነሥቶ ይቀመጣል። በየዓመቱ። ዘንድሮ፣ አሻራህን ይዘህ ራስህ ቅረብ ሲባል ደግሞ፣ ተነሥቶ ጫማ ገዛ።

«ወረቀቱ ሁሉ ተዘጋጅቷል» አላት ባርናባስ። «መኪያ ምስክር ሆና ፈርማለች፤ ወንድማቸው ኦቦ ወርቁም ይመጣሉ፤ የእድራችሁ ዳኛም ፈርመዋል። የቀብሩ ወረቀትና የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው።»

«ሠላሳ ድረስ ጊዜ አለኝ» አለችና ወጣች።

ስምንት ቀን ቆጠረች። የሚመጣውን እየፈራች፣ ደግሞ እየናፈቀች ነው የቆጠረችው። ከዓለም ገና ሰበታ፣ በእሱ እርምጃ፣ ስምንት ቀን ይበቃል። በሐምሌ ሠላሳ ጠዋት ወፍጮ ቤቱን ከፍታ ሞተሩን ሳታስነሣ በሩ ላይ በርጩማ አውጥታ ተቀመጠች። እህል ያመጡትን «ዛሬ አይፈጭም» እያለች መለሰች። ከዱቄት ሳጥኑ ሥር ያወጣችው የቀብር ወረቀት ጭኗ ላይ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ዱቄት ጠጥቶ እንደ ቂጣ ደርቋል።

ባርናባስ ሁለት ጊዜ ደወለ። አላነሳችም። ስድስት ሰዓት ላይ ዝናቡ ቀጥ አለ። ከዚያ ሁሉ ነገር ዝም አለ። ባጃጁ፣ ውሻው፣ የጎረቤት ሬዲዮ፣ ሁሉም። መንገዱ ወደ አስፋልቱ በሚታጠፍበት፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር፣ አንድ ጥቁር ላስቲክ የለበሰ ሰው ቆሞ አየች።

ክረምት ነው፤ ላስቲክ የሚለብስ ሰው ብዙ ነው። ዝናብ የተጠለለ ሰው ሊሆን ይችላል። ሰውዬው ግን አንድ እርምጃ ተራመደና ቆመ። ቆየ። ደግሞ አንድ።

ተረፈች ተነሣች። ወረቀቱ ከጭኗ ወደቀ። ከእሷ እስከ እሱ መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ብትሮጥ ትደርሳለች። ላስቲኩን ከራሱ ገልጣ ፊቱን ታየዋለች፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለዓይኗ የጠየቀችው ይህንኑ ነው። እግሯን አነሣች።

አነሣችና አስቀመጠችው። ራሷን ታውቃለች። አንዴ ካየችው ሞቷል ብላ አትፈርምም። በምድር ላይ የሚያስፈርማት ኃይል የለም። እሱም እንዲሁ እርምጃ እየተራመደ፣ እየቆመ፣ እየደከመው ይኖራል። በመጪው ሐምሌም፣ ከዚያ በኋላም።

ሰውዬው ሌላ እርምጃ ሄደ። ከቦቲው ውሃ ሲፈስ ከዚያ ሁሉ ርቀት ሰማችው።

ተረፈች ጎንበስ ብላ ወረቀቱን አነሣች። ነጠላዋን ጎትታ ዓይኗን ጋረደች። በወፍጮ ቤቱ ውስጥ አልፋ፣ በጓሮ በር ወጥታ፣ በጎረቤት ጎመን መካከል እየረገጠች፣ አንድም ጊዜ ሳትዞር ወደ ገቢዎች ቢሮ ሄደች።

ቢሮው ውስጥ ሰልፉ እስከ ደጅ ነው። ባርናባስ ሲያያት ሮጦ ተቀበላት። ወርቁ ከሱሉልታ መጥቶ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል፤ አላናገራትም፣ ቦታ ብቻ ለቀቀላት። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ተራዋ ደረሰ። መስኮቱ ጀርባ ያለችው ሠራተኛ ሩሃማ ትባላለች፤ ወጣት ናት፣ ጉንፋን ይዟታል። የድሮውን ማኅደር ገለጠች፣ አነበበች፣ ግንባሯን ቋጠረች።

«እዚህ ላይ፣ ባለቤቱ ቺንጋ ሊያመጡ ሄደዋል ነው የሚለው። አሁን የት ናቸው?»

ባርናባስ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ተረፈች በክንዷ ገፋችው።

«ሱሉልታ ነው» አለች። «ተቀብሯል። የትም አልተላከም።»

ሩሃማ ቀና ብላ አየቻት፣ ከዚያ ጻፈች። ወረቀቱን አዙራ ጣቷን የሚፈረምበት ቦታ ላይ አስቀመጠች። ተረፈች እስክሪብቶውን ያዘች። ስሟን ለመጻፍ የምትፈጀው ጊዜ ረጅም ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ከወትሮው በለጠ። ሩሃማ የቁልፍ ሰሌዳውን መታች። «ቁጥሩ ተዘግቷል» አለችና አስነጠሰች።

ወደ ቤት ስትመለስ መኪያ ከሱቋ ደጅ ቆማ አገኘቻት። ፊቷ አመድ መስሏል።

«መጥቶ ነበር» አለቻት።

«ግቢና ንገሪኝ።»

«አልገባም፣ እዚሁ ልንገርሽ። አንድ ውሃ ስጪኝ አለ። እንደ ልማዴ ቁጥር አለህ ወይ አልኩት። ነገረኝ። መታሁት። ማሽኑ አልቀበልም አለ። ደግሜ መታሁት። ‹እንዲህ የሚባል ቁጥር የለም› ይላል። ‹ወንድሜ፣ ቁጥርህ የለም፣ ተዘግቷል› አልኩት።» «ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ጎሽ› አለ።»

«ጎሽ አለ?»

«ልክ እሱ እንደሚለው። ጎሽ። ፊቱን አላየሁም፣ ወላሂ ፈርቼ አላየሁም፤ ድምፁን ግን እንዴት አላውቀው? ውሃውን በነጻ ሰጠሁት። አልጠጣውም። ያንቺ ደጃፍ ሄዶ ቦቲውን አወለቀና እግሩን ታጠበበት። ከዚያ ባዶ እግሩን ወደ አስፋልቱ፣ ወደ መጣበት ተመለሰ። አሁን አይቆምም ነበር ተረፈች። ፈጠን ብሎ ነው የሄደው፣ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ ሰው።»

«ስንት ሰዓት ነበር?»

«ዘጠኝ ሰዓት።»

ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቦቲዎቹ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አፋቸው ወደ መንገዱ ዞሯል። ውስጣቸው ደረቅ ነው። አጠገባቸው ቺንጋ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አዲሱ ከላይ ነው፣ ልኩ ከአሮጌው ሞተር ጋር አንድ። ከሥሩ ያ የተበጠሰው ናሙና አለ። ሁለቱም በአንድ ቀይ ጨርቅ ታስረዋል። ጨርቁ ሦስት ጊዜ ተጠምዝዞ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ተሸጉጧል።

ተረፈች ቋጠሮዋን አወቀችው። እዚያው ጭቃው ላይ ተንበረከከች፤ ዘጠኝ ዓመት ያልወጣ ጩኸት ከደረቷ ወጣ። ጎረቤት ሁሉ ሮጦ መጣ። ማንም ግን ምን ሆንሽ ብሎ አልጠየቃትም። የለቅሶ ጩኸት ነውና ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከጎኗ ተቀመጡ።

ተዝካሩ በነሐሴ ወጣ። ከዚያ በኋላ ባርናባስ በተረፈች ስም የተከፈተ አዲስ መዝገብ በክንዱ አቅፎ ሰበታ መጣ። ወፍጮው በአዲሱ ቺንጋ ያለ ጩኸት ይዞራል። ባርናባስ ጆንያ ላይ ተቀምጦ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠ።

«እንግዲህ በሥነ ሥርዓት እንጀምር። ከሐምሌ ወዲህ የገባ ዕቃ አለ?»

«ቺንጋ አንድ» አለችው።

የባርናባስ እስክሪብቶ አየር ላይ ቀረ። «እትዬ፣ የተገዛው በተዘጋው ቁጥር ነው። በእርስዎ ስም ደረሰኝ የለውም። ደረሰኝ የሌለው ወጪ፣»

«ወጪ ይሁን አላልኩህም። ጻፈው ነው ያልኩህ።»

«ቢያጣሩ አይቀበሉትም።»

«አይቀበሉ። አንተ ጻፍ።»

ባርናባስ ወደ በሩ አየ። ቦቲዎቹ አሁንም እዚያው ናቸው፤ የሚያነሣቸው ሰው አልተገኘም። ጎንበስ ብሎ ጻፈ። ቺንጋ፣ አንድ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከማን የመጣ ልበል?» አላት።

ተረፈች የሚቦነውን ዱቄት ከፊቷ ጠረገች።

«ከወንዳፍራሽ» አለች። ቀጥላም፣ «ሟች ብለህ ጨምርበት።»

ጨመረበት። መዝገቡን አዙሮ ሳይጠይቃት እጇን ዘረጋች።

«አምጣው፣ ልፈርምበት» አለችው። «ይሄንን አይቼዋለሁ።»